የመጀመሪያው ጽዋ ዕድሜ፦ በአንድ የጥናት ጥያቄ ላይ የቀረበ ሂስ

የወንዶችን የአልኮል ሱስ ከአጀማመሩ ዕድሜ ጋር አያይዘው የሚመረምሩ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የሚመሠረቱት «መጀመሪያ የጠጣኸው በስንት ዓመትህ ነው?» በሚል አንድ አጭር ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ደጋዎች ሲወሰድ ግን ትርጉሙ ይዛባል።

ብሪጅት ግራንትና ዴቦራ ዶውሰን በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ወቅት የአልኮል ጥገኞች ሆነው ተገኝተዋል፤ በ20 ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ ከጀመሩት ግን ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥናቱ ቅምሻንና ፉት ማለትን ከቁጥር አላስገባም። ፕሬስኮትና ኬንድለር ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. መንትዮችን መርምረው፣ ቀድሞ መጀመር ራሱ የሱስ ምክንያት ሳይሆን ከቤተ ሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት ምልክት ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ስለዚህ ከአኃዙ ላይ ተነሥቶ «ቀድሞ የቀመሰ ሁሉ ይጠፋል» ማለት አይገባም።

በደጋው ጠላ የቤት መጠጥ ነው። ልጅ በበዓል፣ በማኅበርና በደቦ ቀን ቅራሪ ይቀምሳል። ይህ ልጅ አድጎ ቢጠየቅ «ከሕፃንነቴ» ብሎ ይመልሳል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። በመጠይቁ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። በኑሮ ግን አንዱ በአባቱ ፊት አንድ ዋንጫ ጠጥቶ የተነሣ፣ ሌላው ለትምህርት ወደ ከተማ ወርዶ ቤት ተከራይቶ ሲኖር ከጓደኞቹ ጋር አረቄ የለመደ ሊሆን ይችላል። አረቄ ከጠላ ብዙ እጥፍ የበረታ መጠጥ ነው፤ በዚያ ላይ የሚገሥጽ ሽማግሌ በአጠገቡ የለም።

እንግዲህ አንዱ ጥያቄ በሦስት ሊከፈል ይገባዋል፦ የቀመሰበት፣ መጀመሪያ የሰከረበት፣ ከታላላቆቹ ዓይን ርቆ ማዘውተር የጀመረበት ዕድሜ። ዓመቱን በትክክል ለማያስታውስ «ስንተኛ ክፍል ሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ የአልኮል መለኪያ ስለ አጀማመር ዕድሜ አንድም ጥያቄ የለውም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሆኖም ሽያጭን እንጂ በቤት የሚቀዳውን ዋንጫ አይቆጣጠርም። መለኪያውም ሕጉም የማይደርሱበትን ይህን ክፍተት በቅርብ የሚያየው መምህሩ ነው።

ከዚህ የተነሣ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት እጩ መምህሩን ሊያስጨብጠው የሚገባው ልዩነቱን ነው። ጠላ የቀመሰውን ሁሉ ሱሰኛ ብሎ የሚፈርጅ መምህር በወላጅ ዘንድ አመኔታ ያጣል፤ ሁሉንም «ባህል ነው» ብሎ የሚያልፍ መምህር ደግሞ ሰኞ ጠዋት ከክፍል የቀረውን ልጅ ያጣል።