ይቅር ባዩ ኮምፒውተር

ዌብሳይት የሠራላችሁ ባለሙያ «ጨርሻለሁ፣ እኔ ጋ በደንብ ይሠራል» ሲላችሁ አትቸኩሉ። እሱ ጋማ ይሠራል። የሠሪው ኮምፒውተር የገዛ ልጁን እንደሚፈትን አስተማሪ ነው፤ ስህተቱን እያየ ያልፈዋል። ስለዚህ አንድ ሳይት ኢንተርኔት ላይ ከመውጣቱ በፊት የተደረገለትን ፍተሻ ስመዝን የምጠይቀው፣ ሠሪው የማሽኑን ይቅርታ አንድ በአንድ አስወግዷል ወይ ብዬ ነው። የማወራው ከጀርባቸው ዳታቤዝ ስለሌላቸው፣ የተዘጋጁ ፋይሎች ብቻ ስለሆኑ ሳይቶች ነው። ቀላል ስለሚመስሉ ፍተሻቸው ይናቃል።

መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ብራውዘሩ አናት ላይ ባለው አድራሻ ነው። «ፋይል» ብሎ ከጀመረ ሰውየው ፎልደሩን ከፍቶ ሁለቴ ጠቅ አድርጓል ማለት ነው፤ መሐል ላይ ሰርቨር የለም። በዚህ አከፋፈት በእዝባር የሚጀምር ሊንክ የሚፈለገው ከሳይቱ ሥር ሳይሆን ከዲስኩ ሥር ነው። በሞጁል የተጻፈ ጃቫስክሪፕትንም ብራውዘሩ አልጭንም ይላል። ሰርቨር ማስነሳት ደግሞ ሰበብ የሚያሰጥ ሥራ አይደለም፤ ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተር በአንድ መስመር ትእዛዝ ፎልደሩን በፖርት 8000 ያቀርባል። እንዲህ ያሉ ሳይቶችን የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞችም፣ ጄኪል በ4000፣ ሁጎ በ1313፣ የየራሳቸውን ሰርቨር ይዘው ይመጣሉ።

የእነዚህ ሁለቱ ሰርቨር ግን ለሠሪው ምቾት የተዘጋጀ ነው፤ የሳይቱን እውነተኛ አድራሻ በሎካልሆስት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት ስም፣ ይተኩታል። ጄኪል ደግሞ የሙከራውን ውጤት የሚጽፈው የመጨረሻው ውጤት በሚቀመጥበት በዚያው ፎልደር ነው። ያ ፎልደር እንዳለ ከተጫነ፣ በሙሉ አድራሻ የተጻፉት ሊንኮች ሁሉ ሎካልሆስትን ይጠራሉ። ሰርቨሩን ገና ያላጠፋው ሠሪ ሲነካቸው ይከፈቱለታል፤ ለሌላው ሁሉ የሞቱ ናቸው። ደንበኛው ሲጮህ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ እንደገና የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፣ ደግሞም እውነቱን ነው! ጠንቃቃ ሠሪ አሮጌውን ፎልደር አጥፍቶ ለሕትመት የሚሆነውን እንደ አዲስ ያዘጋጃል፣ እሱኑ በተራ ሰርቨር ከፍቶ ያያል፣ «ሎካልሆስት» የሚል ቃል ቀርቶ እንደሆነም በፋይሎቹ ውስጥ ይፈልጋል። ማጥፋቱ ከንቱ ድካም አይደለም፤ ሁጎ የቀድሞውን ውጤት በራሱ ስለማያጸዳ ባለፈው ሳምንት ለሙከራ የወጣ ረቂቅ ከዛሬው ጋር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል።

የፋይል ስም ሌላው ወጥመድ ነው። ዊንዶውስና ማክ እንደተለመደው ሲዋቀሩ በስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለዩም፤ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ከካሜራ የመጣ ፎቶ መጨረሻው በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ሊንኩ በትንንሽ ከጠራው፣ ቤት ውስጥ ቁልጭ ብሎ የታየው ምስል ሲወጣ ባዶ ሳጥን ይሆናል። በአማርኛ ስም በተሰየሙ ፋይሎች ደግሞ «ሰላም» እና «ሠላም» ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ይህን የሠሪው ኮምፒውተርም አያልፈውም፤ ግን ሊንኩን ማንም ካልነካው ማን ያየዋል? ሊንኮችን የሚፈትሽ ፕሮግራም ያላስሮጠ ሰው ፈትሻለሁ ባይል ይሻላል። በነገራችን ላይ የአማርኛ አድራሻ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የፋይል ስም ላይ ላቲን እመርጣለሁ።

የአማርኛ ሳይት ዋናው መመዘኛ ግን ፎንቱ ነው። ሠሪው ያማረ የግእዝ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ስሙን በስታይሉ ይጠቅሳል፤ የፎንቱን ፋይል ግን ከሳይቱ ጋር አያስቀምጥም፣ ወይም መንገዱን ይስታል። ለእሱ ርእሱ አምሮ ይታያል፤ ለአንባቢው ስልኩ ያገኘው ፎንት ይመጣል፣ መስመሩ ይረዝማል፣ የሜኑው ጽሑፍ ሁለት መስመር ላይ ይሰበራል። መፍትሔው ፎንቱን ከኮምፒውተሩ አንስቶ ማየት፣ አለዚያም በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክ መክፈት ነው። ስልኩ እግረ መንገዱን ሠሪውን የብራውዘሩን ክምችት (ካሽ) ውለታም ያሳጣዋል፤ ኮምፒውተሩ ትናንት ያስቀመጠውን ምስል ዛሬም ያሳያል፣ ስልኩ ግን ሁሉንም ከዜሮ ይጠይቃል። ፍጥነቱን ግን በዚህ አትመኑ፤ ዋይፋዩ ቅርብ ነው። ክሮም ውስጥ ኔትወርኩን ሆን ብሎ የሚያዘገይ መሣሪያ አለ፤ ያልተጠቀመበት ሠሪ የሁለት ሜጋ ፎንት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

የፊደል ኮድም አለ። ገጹ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ውስጥ መነገር አለበት። ሁለቴ ጠቅ ተደርጎ ሲከፈት ብራውዘሩ ራሱ ሊገምትለት ይችላል፤ በሰርቨር ሲመጣ ካልገመተ አማርኛው ዝብርቅርቅ ይላል።

መጨረሻ ላይ የምከፍተው የሌለ ገጽ ነው። የፓይተን ሰርቨር ሠሪው ያዘጋጀውን የ404 ገጽ አያወጣም፤ የራሱን አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት ያሳያል። ስለዚህ ያ ገጽ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ይወጣል። ሳይቶችን የሚያስተናግደው ጊትሃብ ፔጅስ ግን ጎብኚው በተሳሳተበት አድራሻ ሁሉ፣ ሦስት ፎልደር ወደ ውስጥ ቢገባም፣ እሱኑ ያቀርባል። ስታይሉና ምስሉ ከሳይቱ ሥር በተነሣ ሙሉ መንገድ ካልተጠሩ ገጹ ራቁቱን ይቆማል። ይህን ቀድሞ አስቦ የሞከረ ሠሪ ሳገኝ ቀሪውን ሥራውን ብዙም አልመረምርም።