የማይከፈት መስኮት

ካርቶኑን ለበቅሎ አላመንነውም። ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ሽቅብ ስንወጣ ታላቅ ወንድሜ እንደ ክርስትና ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር። ውስጡ በጥጥ ተከቦ የተኛው የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴል ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 27 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እውነተኛው 72 ጊዜ ይበልጠዋል። የሁለታችን የሰባት ወር ቅዳሜ ማታ ያለቀው እሱ ላይ ነው።

የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ገዳሙ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር መንገዱ በሁለት ቋጥኞች መካከል ይገባና ሰውን በጎን ያሳልፋል። ወንድሜ እዚያ ሲደርስ ካርቶኑን ከራሱ በላይ አነሣው፤ ትከሻው ድንጋዩን እየታከከ፣ ትንፋሹን ውጦ አለፈ። ዕድሜውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፈ ሰው ነው፤ ዕቃ አያያዙ ገና ከሩቅ ይለያል።

ይህን ሁሉ ዳገት የወጣነው ሞዴሉን በላስታ ሰማይ ፎቶ ልናነሣው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን፣ ሲ-47 በሚባለው የወታደር ማመላለሻ ወገኑ ነበር። ኋላም ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በሚያያይዘው መስመር ላይ ለብዙ ዓመታት መንገደኛ ያመላለሰው ዲሲ-3 ነው። ለሞዴላችን ፎቶ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘንም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ከመነሻው ልንገር። የሞዴሉ ሳጥን ሲከፈት አውሮፕላን የለም። ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮች ናቸው ያሉት። ቁራጩን በእጅ ጠምዝዞ መንቀል ነውር ነው፤ ፕላስቲኩ ይቦጨቃል። መጀመሪያ በፒንሳ ራቅ አድርጎ መቁረጥ፣ የቀረችውን እንጥል በምላጭ መላጨት፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እየነከሩ ማሸት፤ በ400 ጀምሮ፣ 600፣ 1000 እያለ እስኪለሰልስ።

የአውሮፕላኑ አካል እንደ ባቄላ ክክ በሁለት ግማሽ ነው የሚመጣው። ጥሩ ሠሪና ለብ ለብ የሚያደርግ ሠሪ የሚለዩት እዚህ ነው። የዚህ ሥራ ሙጫ እንደ ሌላው ሙጫ በመሀል ገብቶ አያጣብቅም፤ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠዋል። ሁለቱ የቀለጡ ከንፈሮች ሲገናኙ አንድ ገላ ይሆናሉ። ወንድሜ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ከመጋጠሚያው ላይ ክር የመሰለ ለስላሳ ፕላስቲክ ብቅ ይላል፤ ሲያየው ደስ ይለዋል፣ በመሀል ባዶ ቦታ አልቀረም ማለት ነውና። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አይነካም። ሲደርቅ ክሩ ይላጫል፣ ይሞረዳል፤ ጎድጎድ ያለ ከተገኘ እንደ ተገጨ መኪና ስቱኮ ይሞላል። በመጨረሻ ወንድሜ ዓይኑን ይጨፍንና ጥፍሩን በመጋጠሚያው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬደዋል። ጥፍሩ ከደነቀፈው እንደገና ይጀመራል። እኛ አራት ጊዜ እንደገና ጀምረናል።

መጋጠሚያው ሲሞረድ ደግሞ ከላዩ የነበሩት ቀጫጭን የላሜራ መስመሮች አብረው ይጠፋሉ። እነሱን መመለስ የእኔ ድርሻ ነበር። ቴፕ እንደ ማስመሪያ ይለጠፋል፤ በመርፌ ጫፍ፣ ምንም ሳይጫኑ፣ አንዱን መስመር ስምንትና አሥር ጊዜ መደጋገም ነው። ችኮላ የተሰማው መርፌ ከቴፑ ያመልጥና በክንፉ ላይ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። በግራው ክንፍ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ጠባሳ አለ፤ ሞልቼ፣ ሞርጄ፣ ቀብቼዋለሁ፤ ብርሃን በጎን ሲመታው ግን እኔ አየዋለሁ።

ሞተሮቹን ወንድሜ ለማንም አላስነካም። የዲሲ-3 ሞተር 14 ሲሊንደር አለው፤ ሰባቱ ከፊት፣ ሰባቱ ከኋላ፣ የኋላዎቹ በፊተኞቹ ክፍተት ብቅ ብለው። በሞዴላችን ልክ ሞተሩ በሙሉ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም። ሳጥኑ ውስጥ የመጣው ሞተር የእሳት ሽቦ አልነበረውም። ወንድሜ ከአሮጌ የስልክ ገመድ የመዳብ ክር ፈለቀቀ፤ በወረንጦ እየያዘ፣ በማጉያ መነጽር እያየ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሽቦውን አስገባ። ሽፋኑ ሲገጠም ይህ ሥራ አብዛኛው እንደሚጋረድ ስነግረው ገርሞት ቀና አለና፣ «ሽቦ የሌለው ሞተር እንዴት ብሎ ይነሣል?» አለኝ። እውነቱን ነበር የጠየቀኝ። ለእሱ ያ ጥፍር የሚያህል ነገር ሞተር ነው።

ከጣሪያው ላይ የሚወጠረው የሬዲዮ ሽቦ የተሠራው በጧፍ ነው። ከተረፈው ፍሬም አንድ ዘንግ ይቆረጥና በጧፉ ነበልባል ላይ እየተሽከረከረ ይሞቃል፤ መሀሉ ሲላላ ከእሳቱ አውጥቶ በሁለት እጅ በቀስታ መሳብ ነው። ዘንጉ እንደ ጥጥ ይፈተላል፣ የፀጉር ያህልም ይቀጥናል። ፈጥነው ከሳቡት ይበጠሳል፤ ከዘገዩ ጅማት ሆኖ ይቀራል። እናታችን ከእንዝርቷ ጋር የተቀመጠች እስኪመስለኝ ድረስ የወንድሜን እጅ ሳይ ቆየሁ።

የከፋው ችግር በመስኮቶቹ መጣ። በፍጥነት የሚደርቀው ሙጫ በትነቱ ብቻ ብርሃን አስተላላፊውን ፕላስቲክ ያጨልማል፤ ይህን እያወቅሁ አንድ ቅዳሜ ቸኮልኩና የመንገደኛ መስኮቶቹ በሙሉ በማግስቱ ነጭ ጉም ለብሰው አገኘናቸው። አንድ በአንድ አውጥተን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አሸናቸው። ሦስት ሳምንት ወሰደብን። ወንድሜ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ጨርቁን ብቻ ለሁለት ቀዶ ግማሹን ሰጠኝ።

ይህ ሥራ በዓለም ላይ ብዙ ወዳጅ አለው። በ1/72 ልክ የተሠሩ የፕላስቲክ አውሮፕላኖች እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ የሠሪዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበርም እዚያው በ1963 ተመሥርቷል። በውድድሮቻቸው ላይ ዳኞች በእጅ ባትሪ እያበሩ መጋጠሚያውንና የክንፉን ሚዛን ይመረምራሉ። ያም ሆኖ ይህን ሥራ በደንብ የገለጠልኝ ውድድር ሳይሆን የላስታ ድንጋይ ነው።

ወደ አሸተን ከመውጣታችን በፊት በነበረው ቀን ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደን ነበር፤ ከላሊበላ በስተሰሜን በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቅዱስ ላሊበላ በፊት በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የተገነባ ነው። ጠቆር ያለ የእንጨት አግዳሚ፣ በላዩ በነጭ የተለሰነ የድንጋይ መደዳ፣ ደግሞ እንጨት፣ ደግሞ ነጭ። እንጨቱ ግንቡን ያስራል፤ ሥራ አለው፣ ሸክም አለው። ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የወረደ ነው።

ከዚያ መልስ ከተማው ውስጥ ቤተ አማኑኤል ፊት ቆምን። ቤተ አማኑኤል ከአንድ ቀይ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ እንጨት የለበትም፣ መጋጠሚያም የለበትም። ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች አንዴ ገባ፣ አንዴ ወጣ እያለ የእንጨቱንና የግንቡን መደዳ ተከትሎ ይወርዳል። በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት አራት ማዕዘን ጉብታዎች ወጣ ወጣ ብለዋል። በእንጨት ሕንፃ ላይ እነዚህ ግድግዳውን ዘልቀው የወጡ የወራጅ ጫፎች ናቸው፤ እዚህ ግን ዘልቆ የወጣ ምንም የለም። ጠራቢው ድንጋዩን በዙሪያቸው እየቀነሰ ነው ያስቀራቸው። አንዱን ጉብታ ተጠግቼ አየሁት፤ ጠርዙ ስል ነው፣ በማዕዘኑ ላይ አልተድበሰበሰም። ማንም ያልጠየቀውን፣ ምንም የማይሸከመውን የእንጨት ጫፍ ጠራቢው በእንጨቱ ልክ አክብሮ ጠርቦታል።

ወንድሜ መነጽሩን አውልቆ ወለወለና መልሶ አደረገ። «ሪቬት ነው» አለ።

በእርግጥም ነው። የሞዴላችን ክንፍ ላይ ያሉት ሪቬቶች ምንም ላሜራ አይዙም፤ ክንፉ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። ግን አውሮፕላኑ በሪቬት የተሰፋ ስለ ሆነ መኖር አለባቸው፤ በቦታቸው፣ በረድፋቸው። እኔ ለዓመታት ይህን ሥራ የትዕግሥት ጨዋታ አድርጌ ነበር የማየው። ቤተ አማኑኤል ሥር ቆሜ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አስቀድሞ የሠራውን ሰው እጅ፣ እያንዳንዱን እርምጃውን፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ሳይዘሉ መከተል ነው። የላስታ ጠራቢዎች ግን ከእኛ እጅግ በከፋ ሁኔታ ነው የሠሩት። እኛ ስንሳሳት ስቱኮ አለን። እነሱ ከመጠን በላይ የፈለጡትን ድንጋይ መልሶ የሚያጣብቅ ምንም አልነበራቸውም።

አሸተን ስንደርስ ፀሐይ ገና አልበረታችም። ቤተ ክርስቲያኑ ከገደሉ ወገብ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ቅዱስ ላሊበላ ጀምሮት ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ እንደ ፈጸመው ይነገራል። እንደ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት አልተለሰለሰም። ሻካራነቱን የሚያቃልሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በ400 ብርጭቆ ወረቀት ላይ እንደቆመ ሥራ ነው፤ የእጁ መንገድ ገና አልተሰወረም።

ከውጭ በድንጋይ ካብ ላይ ጥጡን ገልጠን ሞዴሉን አስቀመጥነው። አንድ አባት መስቀላቸውን አሳልመውን ጎንበስ ብለው አዩት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር፤ ይነኩታል ብዬ ሠግቼ እንደ ነበር ሳስበው አፈርኩ።

«ይበራል?»

«አይበርም አባ።»

«በሩስ ይከፈታል?»

«አይከፈትም አባ፤ መስመር ብቻ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጊዮርጊስም የታችኞቹ መስኮቶች አይከፈቱም» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እውነት ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ስንት ጊዜ አይቼ፣ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ድፍን መሆናቸውን ልብ ሳልል ኖሬያለሁ። ፍሬማቸው አለ፣ የዝንጀሮ ራሳቸው አለ፤ ብርሃን ግን አያስገቡም። በሞዴላችን ልክ ቢሠራ ያ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በመዳፍ ላይ ይቀመጣል።

ፎቶውን አነሣን። ወንድሜ ስልኩን ከካቡ ጋር አስተካክሎ፣ ከአውሮፕላኑ ኋላ የላስታ ተራሮች እንዲወድቁ አደረገ። አየነውና ዝም አልን። መስመሮቹ ልክ ናቸው፣ ክንፉ ልክ ነው፤ መካከሉ ጠፍጣፋ፣ ከሞተሮቹ ወዲያ ያለው ቀና ያለ። ግን መጫወቻ ይመስላል።

ምክንያቱን ተራሮቹ ነገሩን። ቅርብ ያለው ሸንተረር ቡናማ ነው፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ቡናማ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወተት የነካው ሰማያዊ። በመሀል የተኛው አየር ቀለሙን ያጥበዋል። እኛ ደግሞ በአካሉ ላይ የሚሄደውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከቆርቆሮው እንዳወጣነው ነበር የቀባነው። ሞዴልን በግማሽ ሜትር ርቀት ማየት እውነተኛውን በ36 ሜትር ማየት ነው፤ የ36 ሜትር አየር ያላጠበው ቀለም ዓይን አያምነውም። ይህን መጻሕፍት ላይ አንብበነዋል። ግን አላየነውም ነበር።

ልንወርድ ስንል የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን። ቀና ብለን ሰማዩን ፈለግን፣ የለም። ወንድሜ ቀድሞ አገኘው፤ ከእግራችን በታች ነበር። ማረፊያው ከእኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ አውሮፕላኑ ወደዚያ እየወረደ በሸለቆው ላይ ይንሳፈፋል። ወደ 28 ሜትር የሚጠጋ ክንፍ ያለው አውሮፕላን የጤፍ ፍሬ አክሏል። ጅራቱ ላይ ያሉት ቀለማት አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ፈዛዛ ነጥብ ብቻ። ጥላው በማሳዎቹ ላይ አብሮት ይሄድ ነበር። ወንድሜ ዓይኑን ሳይነቅል፣ «ነጭ መጨመር አለብን» አለ።

ቤት በገባን በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠረጴዛውን ዘረጋን። ለ20 ጠብታ አረንጓዴ 3 ጠብታ ነጭ። ቢጫው አነስ ያለ ይበቃዋል። ብር መሳዩን የታችኛውን ገላ በቴፕ ሸፈንነው፤ የቴፑን ጠርዝ በጥፍራችን አንድ በአንድ ጫንነው፣ ቀለም ሾልኮ እንዳይገባ። ወንድሜ ኮምፕሬሰሩን ዝቅ አድርጎ፣ ከሩቅ፣ ስስ ስስ እያደረገ ነፋበት። በመሀሉ እያቆመ ያደርቃል፤ ከዚያ እንደገና።

ቴፑን ስናነሣ መሸ። ወንድሜ ሞዴሉን በሁለት ጣቱ ከሆዱ በኩል ይዞ አነሣው።

«ራቅ በል፤ በሩ ጋ ቁም» አለኝ።

በሩና እሱ ሦስት ሜትር ይራራቃሉ፤ በሞዴሉ ልክ 216 ሜትር መሆኑ ነው። አየሁት። አረንጓዴው ገብቷል፣ ቢጫውም ገብቷል።

«ቀዩ ገና ነው» አልኩት። «አንድ ጠብታ ጨምርበት ጋሼ።»