ማይክራፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ

ሬድዮ የዓይን ድጋፍ የሌለው የኪነ ጥበብ መድረክ ነው። የመድረክ ተዋናይ ድምፁ ቢደክም መልኩ፣ አልባሳቱና እንቅስቃሴው ይደግፉታል፤ የሬድዮ አቅራቢ ያለው ግን ድምፁና ዕውቀቱ ብቻ ነው። ስለሆነም አንድ ጣቢያ አቅራቢውን በለወጠ ቁጥር የዝግጅቱ ጠባይ አብሮ ይለወጣል። ይህ ጉዳይ በኪነ ጥበብ ሂሳችን ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አግኝቷል ማለት አይቻልም። ዘፋኙ፣ ደራሲውና ሠዓሊው ሲመዘኑ፣ በእነርሱና በሰፊው አድማጭ መካከል የቆመው ሰው ሳይመዘን ይታለፋል።

ከሩቅ ምሳሌ መነሣት ይጠቅማል። የብሪታንያው ቢቢሲ ሬድዮ 2 በአገሩ እጅግ ሰፊ አድማጭ ያለው የሙዚቃ ጣቢያ ሆኖ ኖሯል። የማለዳውን ዝግጅት ለረጅም ዘመን ይመራ የነበረው ቴሪ ዎጋን በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሰናበት ክሪስ ኢቫንስ ተተካ፤ በ2019 ዞይ ቦል፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ስኮት ሚልስ ተረከቡ። ኢቫንስ ዎጋንን በተካ ጊዜ አድማጭ ይሸሻል ተብሎ ቢፈራም ቁጥሩ እንዲያውም አድጎ ነበር። መናጋቱ የመጣው ከረፋዱ ዝግጅት ነው። ያንን ሰዓት 31 ዓመት ያህል የያዘው ኬን ብሩስ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ወደ አንድ የንግድ ጣቢያ ሲሻገር፣ ፖፕማስተር የተባለውን የሙዚቃ ዕውቀት ውድድሩንም ይዞ ሄደ። በተከታዩ የአድማጭ ቆጠራ ሬድዮ 2 አንድ ሚሊዮን ያህል አድማጭ ቀንሶ ተገኘ። ሸክላዎቹን የሰረቀ የለም፤ ዘፈኖቹም ያው ነበሩ። የጎደለው ዘፈኑን ከአድማጩ ዕድሜና ትዝታ ጋር እያያያዘ የሚያቀርበው ሰው ነበር።

በኢትዮጵያ የአንድ ድምፅ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለማስረዳት ከወጋየሁ ንጋቱ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። የሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የደረሰው ፊደል ለቆጠረው ወገን ነበር። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርከው ግን ማንበብ የማይችለው ሁሉ የጉዱ ካሣን ሙግት ሰማ። ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ሰው ደግሞ ነገሩ የተለየ ክብደት አለው፤ ማንኩሳም ዲማም የጎጃም ምድር ናቸው፣ ደራሲውም የዚያው አገር ልጅ ነው። የገዛ መንደሩ ታሪክ ከአዲስ አበባ በሞገድ ተሳፍሮ ተመልሶ መጣለት። ወጋየሁ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና የሰብለ ወንጌልን ለቅሶ ባንድ ጉሮሮ ተሸክሞ፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን እስትንፋስ ሰጥቷል። ከእርሱ በኋላ መጽሐፉን ሌላ ሰው ቢያነበውም ጆሮ የሚፈልገው የወጋየሁን ነው፤ ይህም ለማንኛውም ተተኪ ተራኪ መልካም ዜና አይደለም።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የአቅራቢዎች ዝውውር አዲስ መልክ ያዘ። ቀድሞ ጋዜጠኛው ብዙ መሄጃ ስላልነበረው ባንድ ጣቢያ ያረጅ ነበር። በኋላ ግን የአየር ሰዓት እየተከራዩ የሚሠሩ ቡድኖች በመብዛታቸው፣ ዝግጅቱ ከነስሙና ከነመለያ ዜማው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው መሻገር ጀመረ። መዘዋወር በራሱ ጥፋት አይደለም። መዓዛ ብሩ ከኢትዮጵያ ሬድዮ ወጥታ ሸገርን ከመሠረቱት አንዷ ሆናለች፤ በ‹የጨዋታ እንግዳ› የታየው የማዳመጥ ትዕግሥቷ በጣቢያ ለውጥ አልተሸራረፈም።

ጥያቄው ወደ ጎጃም ደጋ ሲመጣ ይከብዳል። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ያፈሩት ጆሮ ሰም ሲቀርብለት ወርቁን ይጠብቃል። ቅኔ ቤት ያልገባው ገበሬም በሠርግና በደቦ ግጥም ሲቀባበሉ እየሰማ ስላደገ ኅብሩ በቀላሉ አያመልጠውም። ባለማሲንቆውም ወርቁን የሚያኖረው ብዙውን ጊዜ በስንኙ መደምደሚያ ላይ ነው። አዲስ የተተካው አቅራቢ የዜና ሰዓት ደርሶበት፣ ወይም የሁለት ሰከንድ ዝምታ አስፈርቶት፣ ልክ በዚያች ቃል ላይ ድምፁን ሲያስገባ ምን እንደ ገደለ አያውቅም። አድማጩ ያውቃል። ለአንድ ሙሉ ዘፈን የጠበቃትን ቃል ተነጥቋልና ቅሬታው የሽማግሌ ብስጭት ተብሎ ሊናቅ አይገባም።

ሌላው ጉድለት የመጠሪያ ነው። የጎጃሙም፣ የወሎውም፣ የሸዋውም ዜማ ‹ባህላዊ ሙዚቃ› በሚል አንድ ከረጢት ይከተታል። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ፣ ግጥሙን ማን እንደ ገጠመው፣ ተጫዋቹ ከየት እንደ ተነሣ ሳይነገር ያልፋል። ወጣት አቅራቢ ይህን ሁሉ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት አይመጣም፤ ሊነገረው ይገባል። ነገር ግን ነባሩ ሲሰናበት ዕውቀቱ አብሮት ይወጣል፤ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ተተኪው ከማኅደሩ የሚያገኘው የዘፋኙን ስምና የዘፈኑን ርዝመት ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ዛሬ የራሷ የኤፍ ኤም ሥርጭትም ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት። የአንድ ቅጂን ታሪክ የሚመዘግብ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚያው ማግኘት ያን ያህል የሚያስቸግር አይመስልም።

የአገሩ ሥርዓትም መንገዱን ያሳያል። በቅኔ ቤት ወንበር የሚወርሰው ደቀ መዝሙር አስቀድሞ በመምህሩ ሥር ሲያስነግር ይከርማል፤ ስሕተቱ እዚያው፣ መምህሩ በሕይወት ሳለ ይታረማል። ተሰናባቹና ተተኪው አቅራቢ ለጥቂት ወራት ባንድ ማይክራፎን ፊት ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ቢያንስ የባለማሲንቆው መጨረሻ ቃል የት ላይ እንደምትወድቅ አንዱ ለሌላው በጣቱ ሊያመለክተው ይችላል።