የራስ እምሩ አምባሳደርነት ከጎሬ ሲታይ

ስለ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይከፈላል። የሽሬው ጦርነት፣ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ መማረካቸውና የፖንዛ ደሴት ግዞት ብዙ ገጽ ይሰጣቸዋል። የውጭ አገር አገልግሎታቸው ግን በዋሽንግተን፣ በሕንድና በሶቪየት ኅብረት አምባሳደር መሆናቸውን በሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ እንደ ጡረታም ይቆጠራል። እኛ ይህን አከፋፈል አንቀበለውም። የዲፕሎማትነት ሥራቸው የተጀመረው በዋሽንግተን ሳይሆን በኢሉባቦር፣ በጎሬ ከተማ ነው።

ዛሬ ከመቱ ሽቅብ ወደ ጎሬ የሚወጣ ሰው የሚያገኛት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ከመዛወሩ በፊት ግን ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫና የቡና ንግድ በር ነበረች። ቡናው ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የተፈቀደላት ብሪታንያም በጎሬ ቆንስል ነበራት። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ከአገር ሲወጡ፥ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት በጎሬ መቋቋሙ ያለ ምክንያት አልነበረም። ወደ ውጭው ዓለም የሚያደርስ መንገድ በዚህ በኩል ገና ክፍት ነበረ።

በጎሬ የነበረው ችግር ግን የጥይት ብቻ አልነበረም። ዋና ከተማው የተያዘበት መንግሥት መኖሩን ለውጭ ሰው በምን ያስረዳል? በ1971 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወንበሩን ለቤጂንግ ከሰጠ ወዲህ የታይዋን ዲፕሎማቶችም በየአገሩ የሚጋፈጡት የዚህን ዓይነት ጥያቄ ነው። የታይዋን መልእክተኛ ግን ከኋላው ግዛቱን የያዘ መንግሥት አለው፤ ጎሬ ከኋላዋ የነበራት ሕዝብ ብቻ ነው። የሕዝቡም ድጋፍ የተሟላ አልነበረም።

ጸሐፊዎች የሚሸሹት ይህን ነጥብ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. የወለጋ ባላባቶች የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽን በሚል ስም፥ አገራቸው በብሪታንያ ሞግዚትነት ሥር እንድትሆን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አመልክተዋል። ይህን ከሐዲነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን በወለጋም ሆነ ከራስ ተሰማ ናደው ጀምሮ በጎሬ በኩል በተገዛው በኢሉባቦር፥ ገበሬው ለመንግሥቱ የሚያውቀው ስም ግብርና የነፍጠኛ ቀለብ ነበር። ሳይጠየቅ የገበረ ሕዝብ ሳይጠየቅ ይሞታል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ተማረኩ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ማንሣት አርበኝነትን ማሳነስ ነው ይሉናል። እኛ እንደዚያ አይመስለንም። ራስ እምሩ ከግዞት ተመልሰው ከ1946 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን፣ ከዚያም በሕንድ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሲሆኑ፥ ይዘውት የሄዱት የጎሬን ትምህርት ጭምር ነው ብለን እንገምታለን። ከርስታቸው ለጭሰኞች ማካፈላቸው፥ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ዐመፀኞችም ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ስማቸውን መጥራታቸው፥ ስለ ገባሩ ያላቸው ሐሳብ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ እንደ ነበር ያሳያል። የምንወቅሰውም እዚህ ላይ ነው፤ ገባሩን ሊሰማ የሚችለው መስፍን የመንግሥቱን ቃል ወደ ሩቅ አገር ያደርስ ነበር እንጂ፥ የገባሩን ቃል ወደ መንግሥቱ እንዲያደርስ የተሰጠው ቦታ አልነበረም።

አምባሳደር የአገሩ አፍ ነው ይባላል። አፍ ግን ከአካሉ ጋር ካልተያያዘ ቃሉ ከንቱ ነው። የራስ እምሩን ታሪክ ወደ ፊት የሚጽፍ ሰው ከዋሽንግተንና ከሞስኮ መዛግብት በፊት ወደ ጎሬና ወደ መቱ ቢመጣ፥ ከሽማግሌዎችም ያ ዓመት ለአባቶቻቸው ምን እንደ ነበረ ቢጠይቅ፥ ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ሰፊ ምዕራፍ ይሆንለታል።