ከትከሻው የማይነሳ እጅ

ማጅራት ገትር ከተጠረጠረበት ሰው ጀርባ ፈሳሽ መቅዳት፣ ሐኪሞቹ «ኤል ፒ» የሚሉት፣ ለተመልካች መርፌ መውጋት ይመስላል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት እየሰጠ ባለው በመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ይህን ሙያ ለኢንተርን የሚያወርስ ጎበዝ ሲኒየር ግን ከመርፌው አይጀምርም። የሚጀምረው ከማስተኛት ነው።

ሕመምተኛው ከአልጋው ጠርዝ ተጠግቶ በጎኑ ይተኛል፤ ጉልበቱ ወደ ሆዱ፣ አገጩ ወደ ደረቱ። ላይኛው ትከሻ ከታችኛው፣ ላይኛው ዳሌ ከታችኛው ትክክል ካልሆነ አከርካሪው ይጠመዘዛል፤ መርፌውም መንገድ ይስታል። ጀርባው እንደ ደጋን ሲጎብጥ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። «ኣጆኻ»፣ አይዞህ፣ ይለዋል ሲኒየሩ በትግርኛ፣ እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ። ይህም ከሙያው ነው፤ የፈራ ሰው ጀርባው ይገተራል።

ቀጥሎ ጣት ይሠራል። ከአንዱ የዳሌ አጥንት አናት ወደ ሌላው በሐሳብ የሚሰመረው መስመር አራተኛውን የወገብ አጥንት ያገኛል። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር ከዚያ ከፍ ብሎ ስለሚያበቃ መርፌው አይነካውም። ኢንተርኑ ይዳስሳል፣ ይጠራጠራል፣ እንደገና ይዳስሳል። ማንም አያጣድፈውም።

መርፌው ወደ እምብርት ትንሽ ዘንበል ብሎ ይገባል። አጥንት ሲነካ ኢንተርኑ ይደነግጣል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህችን ቅጽበት ነው። ሲኒየሩ መርፌውን ተቀብሎ በአንድ አፍታ ሊጨርሰው ይችላል፤ እጁ ግን ከሕመምተኛው ትከሻ አይነሳም። «እስከ ቆዳው ድረስ መልሰው። አሁን ትንሽ ወደ ራስጌ» ይላል፤ ዝም ብሎም ይጠብቃል። ፈሳሹን የያዘው ሽፋን ሲበሳ ጣት ላይ የሚሰማውን ያን ስስ መላቀቅ ማንም በቃል ሊያስረዳው አይችልም፤ የራስ ጣት ሊያገኘው ይገባል።

ከመርፌው ውስጥ ቀጭኗ ዘንግ ስትወጣ ፈሳሹ ጠብ ይላል። ሲኒየሩ ብልቃጧን ከጽሑፍ ፊት አስይዞ «ፊደሉ ይነበብሃል?» ይለዋል። ከደፈረሰ ሕክምናው ለደቂቃም አይዘገይም፤ ከጠራም ጤና ነው ተብሎ አይታለፍም። በትግራይ ጦርነት ዓመታት የላቦራቶሪ ሬጀንት ጠፍቶ፣ ጓንት እየታጠበ ሲሠራበት በነበረው ሆስፒታል፣ እንዲህ የሠለጠነ ዓይን ትልቅ ሀብት ነው።

ኢንተርኑ ዘንጓን ወደ ቦታዋ መልሶ መርፌውን ያወጣል፤ ጎዝ ይጭንበታል። ሲኒየሩ እጁን ከሕመምተኛው ትከሻ የሚያነሳው ያኔ ነው።