ከአሊዩ አምባ ተገኘ ስለ ተባለው የብር ሳህን ስያሜ

በቅርቡ አንድ የጥንታዊ ዕቃዎች መዝገብ ስመለከት፣ «ከአሊዩ አምባ የተገኘ» ከተባለ፣ ስፋቱ ከመዳፍ ብዙም ከማያልፍ የብር ሳህን አጠገብ «የምግብ ማቅረቢያ» የሚል ቃል ተጽፎ አገኘሁ። መዝጋቢው ክብደቱንም፣ የጠርዙንም ቁመት፣ ከማን እጅ እንደ መጣም አልጻፈም፤ አገልግሎቱን ግን ከቅርጹ ብቻ ገምቶ ወሰነ። አልፈርድበትም፤ እኔም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ የአውሮፓ ገበታ ዐይኔን ሞልቶት ስለ ነበር፣ እንዲሁ እል ነበር።

ነገር ግን ቦታው ራሱ ይህን ስያሜ አይቀበለውም። ከአንኮበር በታች ያለችው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች የሚሰበሰቡባት የሙስሊሞች ከተማ ነበረች፤ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ የተነሣው የሃሪስ መልእክትም ወደ አንኮበር የወጣው በዚያው በኩል ነው። በእስልምና ሕግ ደግሞ ከወርቅና ከብር ዕቃ መብላትና መጠጣት የተከለከለ ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድም ቢሆን፣ ከቤተ መንግሥት በቀር፣ እንጀራ በመሶብ፣ ወጥ በሸክላ፣ ጠጅ በብርሌና በዋንጫ ይቀርባል እንጂ በብር አይበላም። ብር የሚታየው በጌጣጌጥ፣ በጋሻና በቤተ ክርስቲያን ነው።

ታዲያ ሳህኑ ምንድር ነው? አስቀድሞ ሚዛን ላይ ይውጣ። የአገራችን አንጥረኛ ይሠራ የነበረው ብዙውን ጊዜ ጠገራ ብር እያቀለጠ ነው፤ የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ንጽሕናውም ከሺህ 833 ነው። የእንግሊዝ ሥራ ግን 925 ሲሆን የሚራመድ አንበሳ ማኅተም አለበት። እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ በባሕር ማዶ ገበታ የጨው ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል፤ ጨው ብርን ስለሚበላ ውስጡ በወርቅ ይለበጣል፣ ወይም ብርጭቆ ይገባበታል። (አሞሌ በገንዘብነት ይዞር በነበረበት ገበያ የብር ጨው ማስቀመጫ ቢገኝ ፈገግ ያሰኛል።)

ማኅተም ከሌለው፣ ሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙም ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ጻሕል ነው፤ የቊርባኑ ኅብስት የሚቀመጥበት ማለት ነው። በሙስሊሞች ከተማ መገኘቱ ይህን አያፈርሰውም፤ የገበያ ስም ዕቃው የተሸጠበትን ይነግረን ይሆናል እንጂ ያገለገለበትን አይነግረንም። ጻሕል ምእመን የማይነካው ንዋየ ቅድሳት ነው። «የምግብ ማቅረቢያ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ ከየትኛው ደብር፣ በማን እጅ ወጣ የሚለው ጥያቄ አብሮት ይጠፋል፤ ጻሕል የጠፋበት ካህን መጥቶ መዝገቡን ቢያገላብጥ እንኳ፣ በዚህ ስም የተጻፈውን የራሱ ነው ብሎ አይጠረጥረውም።