ነፃ የኢንተርኔት መሣሪያዎችና የሕክምና ማስተማሪያ ሰነዶች፦ ሂሳዊ ቅኝት

በሕክምናና በጤና ሳይንስ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ሰነድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከተዛወረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በካርተር ማዕከል ድጋፍ በተጀመረው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ሥልጠና ኢኒሼቲቭ የተዘጋጁት የሌክቸር ኖቶች በፒዲኤፍ መልክ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ ብዙ ባለሙያ አስተምረዋል። ይሁንና መምህሩ እንዲህ ያለውን ሰነድ ሁልጊዜ እንዳለ አይጠቀምበትም። ከትልቅ መጽሐፍ ጥቂት ገጾችን ይነጥላል፤ ከሌላ ሰነድ ጋር ያጣምራል፤ በስካነር የተነሳውን ገጽ ሊታረም ወደሚችል ጽሑፍ ይለውጣል፤ ፋይሉ በደካማ ኔትወርክ እንዲያልፍ ያሳንሳል። ለዚህ ሁሉ አይላቭፒዲኤፍንና ስሞልፒዲኤፍን የመሳሰሉ፣ ቢያንስ በከፊል ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ የኢንተርኔት መሣሪያዎች በሰፊው ተለምደዋል።

የመሣሪያዎቹ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ለሶፍትዌር ፈቃድ የሚውል በጀት በሌለበት የትምህርት ክፍል፣ ውድ ፕሮግራም ሳይገዛ የተስተካከለ ሰነድ ለተማሪ ማድረስ ትልቅ ነገር ነው። ፒዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ2008 አይ.ኤስ.ኦ. 32000 በሚል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ መጽደቁም ማንኛውም ባለሙያ መሣሪያ እንዲሠራለት መንገዱን አስፍቷል። ትችት የሚያሻው አጠቃቀሙ ነው። ገጽ መቁረጥና መለጠፍ እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ ይቆጠራል፤ ብዙውን ጊዜም ጊዜ ላለው ተለማማጅ ወይም ለጸሐፊ ይተዋል። የመድኃኒት መጠን ያለበትን ገጽ የሚያርም ሰው ግን ሕክምናን እያረመ ነው። መሣሪያው የፊደሉን ቅርጽ ያያል፤ ትርጉሙን አያውቅም።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ የማይክሮግራም ምልክት ነው። ማይክሮግራም በአኅጽሮት ሲጻፍ ሚዩ የተባለው የግሪክ ፊደል ይቀድመዋል። በቆዩ ሰነዶች ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ የተጻፈው ሲምቦል በተባለው ፎንት የኤምን ቁልፍ በመምታት ነው። ለዓይን የሚታየው ሚዩ ቢሆንም ከስሩ የተቀመጠው ኤም ነው። ሰነዱ ከአንድ ዓይነት ፋይል ወደ ሌላ ሲለወጥ ፎንቱ ከጠፋ የተሸሸገው ኤም ይወጣና ማይክሮግራሙ ሚሊግራም ይሆናል። ልዩነቱ 1000 እጥፍ ነው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር የሚሆነው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ነበሩ። ነገር ግን የተበላሸ አማርኛ ወዲያው ያስታውቃል፤ የተበላሸ መለኪያ ጤነኛ መስሎ ይነበባል።

በስካነር የተነሳን ገጽ ወደ ጽሑፍ የሚለውጡት መሣሪያዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻሉ። በአናፊላክሲስ ጊዜ ለአዋቂ በጡንቻ የሚሰጠው አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም ነው። ደብዛዛዋ ነጥብ ከጠፋች ቁጥሩ 05 ይሆናል፤ ቀጣዩ አራሚ ዜሮውን ትርፍ መስሎት ከሰረዘው ደግሞ 5 ይሆናል። ይህም ባለ 1 ሚሊግራም አምፑል አምስቱን ማለት ነው። ነባር ሐኪም ስህተቱን ያውቀዋል። ለፈተና የሚያጠናው ተማሪ ግን እንደተጻፈው ይሸመድደዋል።

ፋይል ማሳነስም ሁልጊዜ ጉዳት አልባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ ስካነሮች ቁጥሮችን እንደሚለውጡ አሳይቷል። በአንድ የቤት ፕላን ላይ 14.13፣ 17.42 እና 21.11 ካሬ ሜትር የነበሩት ሦስት ክፍሎች በቅጂው ላይ ሁሉም 14.13 ሆነው ወጡ። ምክንያቱ ፋይሉን ለማሳነስ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን አንዱን በሌላው የሚተካ ስልት ነበር። ቅጂው ጥርት ያለ ስለነበር የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረውም። በመድኃኒት መጠን ሠንጠረዥ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም።

ገጽ ሲነጠል ደግሞ ዓመቱ አብሮ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የወባ ሕክምና መመሪያ፣ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ጽኑ ወባ ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጠው አርቴሱኔት በኪሎ ግራም ከ2.4 ወደ 3 ሚሊግራም ከፍ ብሏል። ከቀድሞው እትም ተቆርጦ፣ ሽፋኑና ዓመቱ የሌለው ገጽ በእጁ ያለ ተማሪ የቱን እንደሚከተል የሚያውቅበት መንገድ የለም። በገጹ ላይ አንድም ፊደል አልተሳሳተም፤ ሆኖም ለሕፃኑ የሚያንሰውን መጠን ያስተምራል።

ሦስተኛው ጉዳይ የሕሙማን ምስጢር ነው። በራጅ ፊልም ወይም በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ያለውን ስምና የካርድ ቁጥር በጥቁር ሣጥን መሸፈን የተለመደ ነው። ሣጥኑ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አልተነካም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በአሜሪካ የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባስገቡት ሰነድ ላይ በጥቁር የተሸፈነውን አንባቢዎች ገልብጠው በመለጠፍ ብቻ አንብበውታል። በፓወር ፖይንት ላይ ጠርዙ የተቆረጠ ሥዕልም የተቆረጠው ክፍል እንዲሰረዝ ካልታዘዘ በቀር በፋይሉ ውስጥ ይኖራል። በተጨማሪም ወደ ኢንተርኔት መሣሪያ የሚላክ ፋይል ከሆስፒታሉ ወጥቶ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያርፋል። በርካታ አገልግሎት ሰጪዎች ፋይሉን በሰዓታት ውስጥ እንደሚሰርዙ ይገልጻሉ፤ ታካሚው ግን ለዚያ ጉዞ ፈቃዱን አልሰጠም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ስለመደበው፣ ነገሩ የሙያ ሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥያቄ ሆኗል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በራስ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 6.3 እትሙ ጀምሮም ገጹን ወደ ምስል ለውጦ የተሸፈነውን በእውነት የሚያጠፋ መሣሪያ አለው። ገጽ ለመነጠልና ለማጣመርም ፒዲኤፍ ሳም ቤዚክ እንዲሁ በራስ ኮምፒውተር ላይ ያገለግላል። የታካሚ መረጃ የሌለበትን ሰነድ በኢንተርኔት መሣሪያ ማስተካከል ነውር የለውም። የታካሚ መረጃ ያለበት ግን ከኮምፒውተሩ መውጣት የለበትም።

ቀሪው የልማድ ጉዳይ ነው። ማይክሮግራም በአኅጽሮት ሳይሆን በሙሉ ቃል ይጻፍ። በተነጠለ ገጽ ሁሉ ግርጌ የምንጩ ስምና የእትሙ ዓመት ይቀመጥ። ከታረመ በኋላ ቁጥሮቹን ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከዋናው ቅጂ እያነበበ ሌላው በታረመው ላይ እየተከታተለ፣ ያመሳክሩ። ነርሶች አደገኛ መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት መጠኑን ለሁለት እንደሚያረጋግጡ ሁሉ፣ ያንኑ መጠን ለመቶ ተማሪ የሚያስተላልፍ ሰነድም ያንኑ ጥንቃቄ ይገባዋል። አንድ የተሳሳተ መርፌ የሚጎዳው አንድ ታካሚን ነው፤ የተሳሳተ ሰነድ ግን ተማሪዎቹ በሄዱበት ጤና ጣቢያ ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል።